የፊታውራሪው ቧንቧ

የፋሲካ ሰሞን ነው። በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም አንዲት የማላውቃት ሴት የግቢውን በር ገርበብ አድርጋ «ቤቶች!» አለች። ዕድሜዋ የልጅ ልጅ ያደርሳል፤ አለባበሷ የአዲስ አበባ፣ ጫማዋ ግን የነቀምቴን ጭቃ ጠግቧል። በብብቷ ሥር በጋቢ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ይዛለች። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመሰለኝ ጠመንጃ ነው። እኛ አገር በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ግቢ ሲገባ ሰው ደስ አይለውም። ምስሩን አስቀምጬ ተነሣሁ።

«የኦርጋን ቤቷ እማማ ዘነቡ እርስዎ ነዎት?»

በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው ካለቀ ቆይቷል። ነኝ አልኳት። አረፍ በይ ብዬ ዱካ አቀረብኩላት፤ እሷ ግን ሳትቀመጥ ጋቢውን መፍታት ጀመረች። ከማየቴ በፊት ሽታው ቀደመኝ። የቆዳ ሙጫ ነው። ቆዳ ከነቅሪቱ ቀኑን ሙሉ ተቀቅሎ የሚወጣው፣ አንዴ ልብስ ላይ ከያዘ በሳሙናም በእንዶድም የማይለቀው ሽታ። ከዚያ ጋቢው ተፈታና ክንድ ተኩል የሚሆን አራት ማዕዘን የዋንዛ ቧንቧ ወጣ፤ አናቱ በእንጨት ክዳን የተደፈነ፣ ከታች አፍ ያለው፣ ከዘመን ብዛት የጠቆረ። ያቀረብኩላት ዱካ ላይ ራሴ ተቀመጥኩበት።

«አባቴ ፊታውራሪ…» ብላ ስሙን ጠራች። እኔ ግን ዛሬም አልጠራውም። በሕይወቴ በስማቸው ጠርቼያቸው የማላውቅ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ አማቴ ናቸው። በባለቤቴ ወገን ልማድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ስሙን ቀርቶ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ዘላ ታልፋለች። ሁለተኛው የዚህች ሴት አባት ነው። አንደኛውን ከክብር፣ ሁለተኛውን ከፍርሃት። ፊት ለፊት አንቱ ስንለው ኖረናልና እዚህ አንተ ብለው አይከፋውም።

የኦርጋን ቤት የሚባለው ከገበያው ቁልቁል በሚወርደው መንገድ፣ ዛሬ የሞባይል ካርድና የቻይና ብርድ ልብስ በሚሸጥበት ጥግ ላይ ነበር። ንጉሡ በዙፋናቸው ሳሉ፣ ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው እንደ ባለሥልጣን በሚታይበት፣ አንድ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው የሚያሸክመው ልጅ በሚፈልግበት ዘመን ማለቴ ነው። አማቴ አናጢ ነበሩ። በወጣትነታቸው አንድ የውጭ አገር ሚስዮን ኦርጋኑ ዝም ይልበትና ይጠራቸዋል። ፈታተው ሲያዩት አይጥ ወናፉን በልታ ጨርሳለች። የአገር በግ ቆዳ ለፍተው አዲስ ወናፍ ሰፉለት፤ ሲሰፉ የሳጥኑን አንጀት ሁሉ አይተው በልባቸው ያዙ። በዓመቱ የራሳቸውን ሠሩ። «አይጧ ባትኖር የኦርጋን ቤት አይኖርም ነበር» ይሉ ነበር፤ ለዚህም ይመስለኛል እስኪሞቱ ድመት ቤታቸው አላስገቡም። ከዚያ በእግር የሚረገጡት ትንንሽ ኦርጋኖች በበቅሎ ተጭነው ጊምቢ፣ ነጆ፣ ደምቢ ዶሎ፣ አርጆ ወረዱ። በቅሎው ሲንገጫገጭ ኦርጋኑ ከጀርባው ላይ እያቃሰተ ስለሚሄድ፣ በየመንገዱ ሕፃናት እየሮጡ ቤታቸው ይገቡ ነበር።

እኔ የጎጃም ነጋዴ ልጅ ነኝ። ገመቹን፣ የአማቴን ልጅ ማለት ነው፣ ላገባ ነው ስል እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈች። «በእግዚአብሔር ቤት ሳጥን የሚያስጮህ ሰው!» አለች። በቅዳሴ ያደገ ጆሮ ነው፣ አልፈርድባትም። በኋላ ግን እጄ መርፌ ላይ ጥሩ እንደሆነ አማቴ አይተው ወናፍ መስፋቱን ለኔ ሰጡኝ። የበግ ቆዳ በስሙኒ እየገዛን፣ በቅቤ እያሸን፣ አየር እንዳያሳልፍ ድርብ አድርጌ እሰፋለሁ። ዛሬም አውራ ጣቴ ላይ የመርፌው ጠባሳ አለ። ገመቹ ያኔ ቴትሮን ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን በመሐል ከፍሎ፣ መጋዝ ሲስብ ያዜም ነበር። ከታች ካለው ጠጅ ቤት የሚሰማውን የማሲንቆ ዜማ ይወስድና የመዝሙር ቃል ያስገባበታል፤ አባቱ ሲሰሙ መዶሻ ያነሡበታል። ደስ የሚል ዘመን ነበር። ደስ የሚል የነበረው ግን እስከ ትልቁ ኦርጋን ድረስ ነው።

ትልቁ ኦርጋን የነቀምቴ ምእመናን ያዘዙት፣ በእግር የማይረገጥ፣ ግድግዳ የሚያህል፣ ቧንቧ የሚደረደርለት ነው። ቧንቧ በወለጋ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሌላ አገር ሲመቱት በሚጮህ ብረት ድምፅ ይለካሉ አሉ። አማቴ ኖታም አያነቡ፣ ብረቱም የላቸው፤ የለኩት በሰው ነው። በገበያ ቀን መሐል ቆመው ያዳምጣሉ። ከዚያ መጥተው ቧንቧውን ይነፉና «ይሄ ገና ነው፣ አዴ ጫልቱን አልመሰለም» ይላሉ። አዴ ጫልቱ ቅቤ ሻጭ ነበረች፤ ድምፅዋ እንደ ቀጭን ሽቦ ነው። ወፍራሞቹ የአገር ሽማግሌዎች፣ ቀጫጭኖቹ ኮረዶች ሆኑ። እያንዳንዱ ቧንቧ ስም ነበረው፣ የምንጠራውም በስሙ ነበር። «አዴ ጫልቱ ዛሬ ጉንፋን ይዟታል፣ አፏን ትንሽ አስፋላት» ሲሉ የሰማ እንግዳ አእምሯችንን ይጠራጠር ነበር። ሰዎቹም አወቁ፤ ገበያ ውለው ሲመለሱ በመስኮት አንገታቸውን እያስገቡ «እኔ እንዴት ሆንኩ?» ይላሉ። ከተማው ሁሉ በኦርጋኑ ውስጥ ነበረ።

ኦቦ ፊጤም ነበሩበት። ቆዳ የምንገዛው ከእሳቸው ነው፤ «ጎጋ! ጎጋ!» ብለው ሲጮሁ ቆዳ መምጣቱን የማያውቅ ሰፈር አልነበረም። አንድ የገበያ ቀን ፊታውራሪው በበቅሎው ሲያልፍ ኦቦ ፊጤ ሳይነሡ ቀሩ። ጀርባቸውን ሰጥተው ቆዳ ይቆጥሩ ነበር፣ አላዩትም። ያ ብቻ ነው ጥፋታቸው። ሁለት ነጭ ለባሾች፣ የሱ ታጣቂዎች፣ በሁለት ክንዳቸው አንጠልጥለው ወሰዷቸው። የት እንዳሉ የጠየቀ የለም፤ መጠየቅ ማለት መከተል ነው። ክረምቱ አልፎ ተመለሱ። ቆዳቸውን መሬት ላይ ዘርግተው፣ ገዢ ሲመጣ በጣታቸው ዋጋ እያሳዩ፣ ዝም ብለው ይቀመጡ ጀመር። እኛ ቤት እየመጡ ገመቹን «እስቲ ያኛውን» ይሉታል በሹክሹክታ። ገመቹ የእሳቸውን ቧንቧ ይነፋላቸዋል። አንገታቸውን ደፍተው ሰምተው ይሄዳሉ። ፊታውራሪው ማለት ይኼ ነው። ሰው በሱ ላይ ምን ሊቀልድ ይችላል?

ባሌ ቀለደ። ቧንቧዎቹ በሳጥኑ ላይ ተተክለው ሲሞከሩ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቁልፉ በጣት ሲነካ ከቧንቧው ሥር ያለች ትንሽ ክዳን ትከፈትና ነፋሱ ይገባል፤ ጣት ሲነሣ ክዳኗን ሞላ ይመልሳታል። አንዷ ክዳን አልመለስ አለች። ገመቹ ጣቱን አነሣ፣ ቧንቧው ግን ይጮሃል፤ በአፍንጫው በኩል፣ ወፈር ብሎ፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳይል። «ይሄስ ፊታውራሪው ነው! ድምፁም የሱ፣ አለማቆሙም የሱ» አለ። ሳቅን። አማቴ እንኳ ሳቁ። ከዚያ ሁላችንም ባንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞርን። በሩ ክፍት ነበር። ማን እንዳለፈ አላየንም።

ስም ከወጣ አይመለስም። ከእንግዲህ አንጥራው ብለን ተማምለን በማግሥቱ «ፊታውራሪውን አቀብለኝ» ስንባባል ራሳችንን እናገኛለን። ሳምንትም አልሞላ፣ ካፖርት የለበሰ ሎሌ መጣና ከደጃፍ ሳይገባ ተናገረ። «ጌታዬ በኦርጋኑ ምርቃት ቀን ይመጣሉ። ስማቸውን የያዘውን ሰምተው ነው የሚሄዱት ብለህ ንገር ብለውኛል።» ይህን ብሎ ሄደ። አልሳቀ፣ አልተቆጣ። ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

ፍርሃት እንዴት እንደሚውል የማያውቅ ሰው አለ፤ ታድሏል። እኔ መርፌ እይዝና ክሩን ማስገባት ያቅተኛል። ድስት ጥጄ እረሳዋለሁ። ኮቴ ስሰማ ሮጬ በሩን እቀረቅራለሁ። ገመቹን «ሂድ፣ ኪራሙ የአባቴ ወዳጆች አሉ፣ እስኪረሳ እዚያ ሰንብት» አልኩት። ስንቅ ቋጠርኩለት። አማቴ ጓዙን አዩት። ቀጥለው «እሱ ከሄደ እኔን ይወስዱኛል። እኔስ ምንም አይደል፣ ሸምግያለሁ። ግን ሸሸ ማለት አደረገው ማለት ነው» አሉ። ገመቹ ስንቁን ራሱ ፈታው። ቧንቧውን ነቅለን ብናስቀረውስ? አልኩ። ሊሰማው የሚመጣ ሰው ባዶ ቦታ ቢጠብቀውስ? ስሙን ለሌላ ቧንቧ ብንሰጠውስ? ከተማው በሙሉ የሱን ድምፅ ያውቃል፤ ከማን ይሸሸጋል? አማቴ የቀረችውን አንዲት ነገር አደረጉ፤ ክዳኗን አውጥተው ላጉ፣ አዲስ ሞላ አስገቡላት። ከዚያ ገመቹ ቁልፉን ሲነካ ጮኸ፣ ሲለቅ ዝም አለ። ደጋግመን ሞከርነው። «ሂንሶዳቲን፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ አማቴ፣ አትፍሪ ልጄ ማለታቸው ነው። «እንግዲህ ጨዋ ሆኗል። የሚያስቀይመው ነገር የለም።»

የረሳነው አንድ ነገር ነበር። የኛ ቤት ሙጫ የሚቀቀልበት እሳት ክረምት ከበጋ አይጠፋም፤ እንጨቱ ሁሉ የደረቀው፣ የተላገው፣ የተሞከረው በዚያ ሙቀት ነው። ምርቃቱ የዋለው ሰኔ ላይ ነው። የነቀምቴን ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሰዉ ነጭ ለብሶ፣ ጃንጥላው እየተንጠባጠበ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። እኔ ከኦርጋኑ በስተኋላ ከወናፉ ዘንግ ላይ ነበርኩ፤ ወናፉን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ጠባዩን የማውቀውም እኔ ነኝ፣ ዘንጉን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ነፋስ የምሰጠው እኔ ነኝ። በሁለት ሳንቃዎች መሐል ባለች ስንጥቅ አያለሁ። ፊታውራሪው ከሎሌውና ከነጭ ለባሾቹ ጋር ገባ፤ ሰዉ ተነሣ። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ኦቦ ፊጤ ሌላው ሲቀመጥም አልተቀመጡም። ሁለት መዝሙር ተዘመረ። እንዴት ያምር እንደነበር! የሰፈራችን ሰዎች ሁሉ፣ የታመሙትም፣ የተኮራረፉትም፣ በአንድ ላይ ሲዘምሩ የሰማሁ መሰለኝና ለትንሽ ጊዜ መፍራቴን ረሳሁ። ሦስተኛው ሊጀመር ሲል ፊታውራሪው ከዘራውን አነሣ።

«የትኛው ነኝ?»

ከቁልፎቹ ፊት የተቀመጠው ገመቹ ተነሥቶ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ቀልድ ነበር፣ ይማሩኝ» አለ። ድምፁ የባሌ ድምፅ አልነበረም።

«የትኛው ነኝ አልኩህ።»

ገመቹ ተቀመጠና ቁልፉን ነካ። እኔ ዘንጉን ሳብኩ። ድምፁ ወጣ፤ በአፍንጫው በኩል፣ ወፈር ብሎ። አንድ ሕፃን ከመሐል «ፊታውራሪ!» አለና እናቱ አፉን አፈነችው። ገመቹ ጣቱን አነሣ።

ቧንቧው አላቆመም። እርጥበቱ ክዳኗን አሳብጧት፣ ከቀዳዳዋ ላይ ተሰንቅራ ቀርታለች። ገመቹ ቁልፉን ደጋግሞ መታው። ይጮሃል። በቡጢ መታው። ይጮሃል። በስንጥቋ የፊታውራሪውን ፊት አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም፣ ነጭ ለባሾቹ ግን ቀበቷቸውን ማጥበቅ ጀምረዋል። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ኦቦ ፊጤ በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘዋል። በዚያ ሰዓት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሌን እንደ ኦቦ ፊጤ አድርገው ይመልሱልኛል የሚል። ያ የመጋዝ ቤት ዜማ ሁሉ ይጠፋል፣ በጣቱ ዋጋ የሚያሳይ ሰው አገኛለሁ። ዘንጉን ለቀቅሁት።

ወናፉ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል፤ እኔ ባቆምም ያጠራቀመውን ሳይጨርስ ዝም አይልም። ድምፁ ቀስ እያለ ወረደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ሲጥጥ አለ፣ ሞተ።

«ትንፋሼን ማነው የቆረጠው?» አለ ፊታውራሪው።

ከኋላ ወጣሁ። ነጠላዬ ወድቋል፣ ቀሚሴ ሙጫ በሙጫ ነው። «እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ለምን?»

«ደክሞኝ ነው ጌታዬ።» ከአፌ የመጣልኝ ይኼ ነው፤ ውሸትም አልነበረም። ከወር በላይ ፈርቼ ደክሞኝ ነበር።

አየኝ። ከዚያ ወደ ገመቹ ዞሮ «ንቀለው» አለ። ገመቹ ቧንቧውን ነቀለ። ሎሌው በካፖርቱ ጠቀለለው። ፊታውራሪው ተነሥቶ ወጣ፣ ሰዉም ቆሞ አሳለፈው።

ያን ቀን ባይመጡ፣ በማግሥቱ ይመጣሉ አልን። በማግሥቱ ባይመጡ፣ ከበዓሉ በኋላ ነው አልን። ገመቹ ጫማውን ሳያወልቅ መተኛት ለመደ። ማዜም ተወ። እኔ አንድ ልጅ አስወረደኝ፤ ሰው ብዙ ምክንያት ሰጠው፣ እኔ ግን ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ኦርጋኑ በዚያ ቦታ ባዶ ቀረ፤ አማቴ ሌላ ቧንቧ ለመሥራት እጃቸው እንቢ አለ፣ መዝሙሩ እዚያ ሲደርስ ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ያፏጭ ነበር። ቆይቶ ፊታውራሪው ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ ተባለ። ቆይቶም ዘመኑ ተገለበጠና ከሌሎች ጋር ተወሰደ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ፍርሃታችን ግን ከሱ ጋር አልተወሰደም፤ የሚፈራው ሰው ብቻ ተለወጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፣ ወታደር ሰፈረበት፣ ኦርጋኑ ተነቅሎ ወጣ። አዴ ጫልቱ፣ ኦቦ ፊጤ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ፣ ዋንዛ ጥሩ ይነዳል፣ ለወታደሮቹ ወጥ መሥሪያ ማገዶ ሆኑ። አማቴ ያን ሳያዩ ሞቱ። ገመቹ አይቶ ሞተ።

ይህን ሁሉ ለሴትዮዋ አልነገርኳትም። ይልቅ እሷ የራሷን ነገረችኝ።

«እናቴ ነች የኦርጋን ቤቷን ሴት ፈልጊ ያለችኝ» አለች። «አባባ ወሬ ሲያበዛ፣ እናቴ ‹ያችን የነቀምቴዋን ሴት ላስጠራት እንዴ?› ትለው ነበር። እሱም ይስቅና ዝም ይላል። ‹በሕይወቴ ትንፋሼን የቆረጠችኝ እሷ ብቻ ናት› ይል ነበር አሉ። ቧንቧውን ከአልጋው ራስጌ ነው የሚያቆመው።»

ተናደድኩ። እዚያ ማዶ ቀልድ ነበር! እኛ ጫማችንን ሳናወልቅ በተኛንባቸው ዓመታት፣ እነሱ ቤት ለወሬ ማሳመሪያ ሆነን ነበር። ኦቦ ፊጤስ? እሳቸውም ቀልድ ነበሩ? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ የበረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ቧንቧውን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ አፉን በጣቷ ትዳስሳለች።

«ለምንድን ነው ግን በሱ ስም የጠራችሁት?»

«አያቆምም ነበር» አልኳት። «ጥፋቱ የቧንቧው አይደለም፣ ከሥሩ ያለችው ክዳን ናት። ድምፁ ግን የሱ ነው።»

ቀና አለች። «እማማ፣ ሲወስዱት ገና በጡት ነበርኩ። ፎቶ አለኝ፣ ካፖርቱ አለኝ። ድምፁን ግን አላውቀውም። ሰው ሁሉ አባቱን ሲያስታውስ ድምፁን ነው የሚያወራልኝ። ነፍቼ ሞከርኩት፣ አየሩ ብቻ ይወጣል፤ አልችልበትም።»

ከዚያ ከተማ ድምፅ ሁሉ የተረፈው የሱ ብቻ ነው፤ የተረፈውም ስለወሰደው ነው። የኦቦ ፊጤን ልጆች ማን ያሰማቸዋል? ገመቹ ሲያዜም የነበረውን እኔስ ከየት አመጣዋለሁ? ቧንቧውን ተቀበልኳት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ በረንዳዬ ላይ፣ የሞተ ሰው ፈራሁ። ወደ ግቢው በር አየሁ። ክፍት ነው። ማንም የለም።

የቧንቧውን እግር ከከንፈሬ አስጠግቼ፣ አማቴ እንዳስተማሩኝ ለስለስ አድርጌ ነፋሁት። ወጣ። በአፍንጫው በኩል፣ ወፈር ብሎ፣ ሰው ሰማኝ አልሰማኝ ሳይል። የጎረቤቴ ውሻ ተነሥቶ ቆመ። ሴትዮዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ደክሞኝ ላወርደው ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«አያቁሙብኝ» አለች።

ትንፋሼ እስኪያልቅ ነፋሁላት።